የሳን አንድሪያስ ወጌሾች
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ጌም ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ለኮምፒዩተር ስለወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ። ስለዚህ ገጹን ለእሱና ለሞዶቹ (ተጫዋቾች ጌሙን ለመለወጥ ወይም ለመጠገን ለሚሠሯቸው ተጨማሪ ፋይሎች) ለቀቅንላቸው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ወደ ዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ዝማኔ ካሳደግኩት ወዲህ ስኪመር የሚባለው ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ከጌሙ ጠፋ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ጌሙን አልነካሁትም። ዊንዶውሱ ነው ያበላሸው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ዊንዶውስን በነፃ ይልቀቁት። ጥፋቱ የራሱ የጌሙ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ አብሮት ኖሯል።

ጌሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ «ዳታ» የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ ስሙ «ቪሂክልስ»፣ ቅጥያው «አይዲኢ» የሆነ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያገኛሉ። እያንዳንዱ መኪና፣ ጀልባና አውሮፕላን በአንድ መስመር ተመዝግቦበታል። በአውሮፕላኖቹ መስመር መጨረሻ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ መጠን ይጻፋል። የስኪመር መስመር፣ በመለያ ቁጥር 460 የሚጀምረው፣ ግን ይህ የለውም። ከዚያ በፊት በወጣው የጂቲኤ ጌም፣ በቫይስ ሲቲ፣ ስኪመር የተመዘገበው በጀልባነት ነበር፤ ጀልባ ደግሞ ጎማ ምን ያደርግለታል? በሳን አንድሪያስ ወደ አውሮፕላኖቹ ሲዛወር መስመሩን ማሟላት ተረሳ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት በረረ? ጌሙ መስመሩን ሲያነብ የጎደለ ቁጥር ቢገጥመው ቦታውን አያጸዳም፤ ሜሞሪው ላይ ቀድሞ የተቀመጠውን እንዳለ ያነሳል። ከስኪመር በፊት የሚነበበው ቶፕፈን የተባለው ቫን ነው፤ የጎማው መጠን 0.7። ስኪመር እስካሁን የበረረው በጎረቤቱ ጎማ ነበር ማለት ነው። በ24ኤች2 ግን ዊንዶውስ በመሃል ገብቶ ያንን የሜሞሪ ቦታ ለራሱ ሥራ ይጠቀምበታል። መብቱም ነው። ጌሙ ተመልሶ ሲያነብ የሚያገኘው ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሆንና አውሮፕላኑ ከቦታው ይጠፋል። በሞድ አስገድደው ቢያመጡትም ከነተሳፋሪው ወደ ሰማይ ተወንጭፎ ይቀራል።

ማከሚያው የአንድ መስመር ሥራ ነው። ጌሙን ይዝጉ፤ ፋይሉን ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ዋናውን በኖትፓድ ከፍተው 460ን ይፈልጉ። መስመሩ በ«5, 0, 0» ያበቃል፤ ከእሱ ቀጥሎ ኮማ ያድርጉና «-1, 0.7, 0.7, -1» ብለው ይጨምሩ። ሴቭ ሲያደርጉ ቅጥያው እንዳይቀየር ይጠንቀቁ። «ፈቃድ የለዎትም» ካለዎት ጌሙ ዊንዶውስ በሚጠብቀው የፕሮግራሞች ፎልደር ውስጥ ስላለ ነው፤ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ አስተካክለው መልሰው ይለጥፉት።

ይህን ፈልፍሎ አግኝቶ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያብራራው ሳይለንት በሚል ስም የሚታወቀው ሞድ ሠሪ ነው። ሳይለንትፓች የተባለው የጥገና ሞዱም የእሱ ሥራ ነው። ሞድ ሲባል የሚያብረቀርቅ መኪና ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህችን አንዷን መስመር ማሳየት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ያማሩ መኪኖች ያሉባቸው 40 ሞዶች አስገባሁ። አሁን በፍጥነት ስነዳ አስፋልቱና ሕንፃው ይጠፋል፤ ባዶ ላይ ነው የምነዳው። ግራፊክስ ካርዴ አንሶ ይሆን? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ካርዱ ምንም አላጠፋም። ጌሙ በዙሪያዎ ያለውን ዕቃ ለመጫን ለራሱ የፈቀደው ኮታ 50 ሜጋባይት ብቻ ነው። ጌሙ መጀመሪያ የተሠራው ዋና ሜሞሪው 32 ሜጋ ለነበረው ፕሌይስቴሽን 2 መሆኑን ካሰቡ ኮታው በጊዜው ትንሽ አልነበረም። ሂሳቡን እንሥራ፦ የአንድ መኪና የቅርጽ ፋይል (ዲኤፍኤፍ) እና የቀለም ፋይል (ቲኤክስዲ) ተደምረው 8 ሜጋ ቢሆኑ፣ አጠገብዎ የሚያልፉ ስድስት ዓይነት መኪኖች 48 ሜጋ ይበላሉ። ለመንገዱ፣ ለሕንፃውና ለእግረኛው የቀረው 2 ሜጋ ነው።

ሊሚት አድጀስተር የሚባለው ሞድ ይህን ኮታ ያሰፋል። በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ የሜሞሪውን ቁጥር 512 ሜጋ ያድርጉት። ራሜ 16 ጊጋ ነው ብለው ሁለት ሺህ አይጻፉበት። ጌሙ ባለ 32 ቢት ስለሆነ እንዳለ የሚያየው 2 ጊጋ ብቻ ነው፤ ሁሉንም ለዕቃ ከሰጡት በመሃል ክራሽ ያደርጋል።

መኪኖቹንም ይመዝኑ። ከርቀት ሽው ብሎ ለሚያልፍ ታክሲ 15 ሜጋ ማውጣት ብክነት ነው፤ ከባዱን ለሚነዱት መኪና ይተዉት። ደግሞ አንዱንም ጂቲኤ3 በሚባለው ትልቁ ማኅደር ውስጥ አይክተቱ፤ የቀድሞውን ይደመስስና መመለሻ ያሳጣዎታል። ሞዶችን ከጌሙ ፋይሎች ለይቶ የሚጭነው ሞድሎደር ላይ ለየሞዱ የራሱን ፎልደር ይክፈቱለት፤ ያስቸገረውን ፎልደር ማውጣት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ክሊዮ የሚባለውን የሞድ ማስኬጃ አስገብቼ ጌሙ ጭራሽ አልከፈት አለ። (ከደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ በዶክመንትስ ውስጥ ባለው የሳን አንድሪያስ ፎልደር ቅጥያው «ሴት» (set) የሆነውን የማስተካከያ ፋይል ያጥፉና ይሞክሩ፤ ሴቮችዎን አይነካም። ካልሆነ ቅጂውን ይመርምሩ፦ አብዛኛው ሞድ የተጻፈው ለ1.0 ቅጂ ነው፤ ቆየት ብሎ በኢንተርኔት መደብሮች የተሸጠው ሌላ ነው። ንጹሕ ጌም፣ ትክክለኛ ቅጂ፣ ኤኤስአይ ሎደር (ቅጥያቸው «ኤኤስአይ» የሆኑ ሞዶችን የሚጭነው)፣ ሳይለንትፓች፣ ሞድሎደር፣ ከዚያ ሌላው አንድ በአንድ፤ በየመሃሉ ጌሙን ከፍቶ ማየት። አሥሩን ባንዴ ያስገባ ሰው የትኛው እንዳበላሸበት አያውቅም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ «ሞድ» እያለ ፋይል ያወርዳል። ቫይረስ እንዳይሆን እሰጋለሁ። (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የቅርጽ፣ የቀለምና የጽሑፍ ፋይሎች በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስላልሆኑ ብዙም አያሳስቡም። ቅጥያው «ኢኤክስኢ»፣ «ዲኤልኤል» ወይም «ኤኤስአይ» የሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ላይ የፈለገውን ሊያደርግ የሚችል ፕሮግራም ነው። «አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» የሚል ወይም ለአንድ መኪና ሞድ ሲባል በፓስወርድ የተቆለፈ ኢኤክስኢ ካዩ ያስጥሉት።

ሌላው ነገር ግን ከቫይረሱ ይቀድማል፦ ጌሙ ራሱ ዕድሜያቸው 17ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው የተፈቀደው። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ውስጡ ተደብቆ የቀረ የወሲብ ትዕይንት በሞድ ተከፍቶ በመገኘቱ ደረጃው ለጊዜው ወደ አዋቂዎች ብቻ ከፍ ብሎ ነበር።

ጥያቄ፦ ኩባንያዎቹ ሞድ ሠሪዎችን ለምን ዝም ይላሉ? ምን ያገኛሉ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁሉም ዝም አይሉም። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ ያገኘውን ይመልከቱ፦ ካውንተር ስትራይክ በ1999 እ.ኤ.አ. ለቫልቭ ጌም ለሃፍ ላይፍ የተሠራ ነፃ ሞድ ነበር፤ ቫልቭ ሠሪዎቹን ቀጥሮ በ2000 ራሱን የቻለ ጌም አድርጎ ሸጠው። የሳን አንድሪያስ ባለቤት የሆነው ቴክ ቱ በአንፃሩ በ2021 እ.ኤ.አ. ብዙ የቆዩ ሞዶችን አስወርዷል፤ የቀደሙትን ጌሞች የጂቲኤ 3ንና የቫይስ ሲቲን ኮድ መልሰው የጻፉትንም ከሷል። በዚያው ዓመት ኅዳር «ታድሶ» የወጣው ሳን አንድሪያስ በብልሽት ተሞልቶ ነበር። የጂቲኤ ጌሞችን የሚያወጣው ሮክስታር ይቅርታ ጠየቀና ከሽያጭ ያነሳውን አሮጌውን ጌም ወደ መደብሩ መለሰው።