ዛፉ ላይ የበቀለው ጺም

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ጫካ ጫካ ይሸታሉ። ብዙዎቹ ስለ ዛፍ ሽበት፣ ማለትም ዛፍ ላይ እንደ ጺም ስለሚንጠለጠለው ግራጫ ነገር ናቸው፤ ዛሬ ለእሱ ለቀቅኩለት።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ያለው አሮጌ ጥድ ግራጫ ጺም አብቅሏል። ሊገድለው ነው መሰለኝ፤ ልቁረጠው?

መልስ፦ ኧረ አይቁረጡት! ዛፍን የሚመጥጠው ተቀጽላ ነው፤ ሥሩን ቅርንጫፉ ውስጥ ይሰዳል። ሽበት ሥር የለውም። ቅርፊቱን በአንዲት ነጥብ ጨብጦ ይንጠለጠልና ውሃውን ከጉምና ከዝናብ ያገኛል። ዛፉ መስቀያው ብቻ ነው። ያረጀ ዛፍ ቅጠሉ ስለሚሳሳ ብርሃን ያስገባል፣ ሽበቱም ይበዛል። ሰው ያንን ያይና "ሽበቱ ገደለው" ይላል።

ጥያቄ፦ ባሌ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ አስታው ላይ ተንጠልጥሎ ያየነውስ? በምን እንለየው?

መልስ፦ እሱ ኡስኒያ የሚባለው የዛፍ ሽበት ነው። እኔ የምወዳት መለያ አለች። እርጥብ ያለ አንድ ክር ይምረጡና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ይጎትቱ። የውጪው ቆዳ እንደ ጨሌ ይቆራረጣል፤ ከመሃሉ ነጭ ክር ብቅ ይልና እንደ ላስቲክ ይሳባል። ያ ነጭ ክር ከሌለ ኡስኒያ አይደለም። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ግራጫ አረንጓዴ ነው። ሲደርቅ እጅ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ ዝናብ ሲያገኝ ይለሰልሳል። አንዳንዱ ዝርያ ጫፉ ላይ ትንንሽ ሳህን የመሰሉ ክቦች ያወጣል፤ ዙሪያቸው ሽፋሽፍት አለው። የፈንገሱ ዘር የሚበተነው ከእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፈንገስ? ተክል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ፈንገስና አልጌ (ደቃቅ አረንጓዴ ሕይወት ያለው ነገር) ተዳብለው ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ሲል ብዙ የዘርፉ ሰዎች አልተቀበሉትም ነበር።

ጥያቄ፦ ውፍረት ይቀንሳል ተብዬ ልጠጣው አስቤ ነበር።

መልስ፦ ይተውት። ውስጡ ያለው ኡስኒክ አሲድ ባክቴሪያ ይገድላል፣ እውነት ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ ይኸው አሲድ ያለበትን የማቅጠኛ ክኒን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቶ፣ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ያሉት ዛፎች ለምን ሽበት የላቸውም?

መልስ፦ ጭስ ነዋ! ሥር የሌለው ነገር አየሩ የያዘውን ሁሉ ይመጥጣል። ኡስኒያ ደግሞ የድኝ ጭስ ላይ አቅም የለውም።