አማርኛው ጽሑፌ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ለምን ፈረንጅኛ ሆነ?

ከኮምቦልቻ አንዲት እህታችን እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ዶሮ እርባታ ልጀምር አስቤ ለብድር የሚቀርብ የንግድ ዕቅድ በወንድሜ ላፕቶፕ ጻፍኩ። 14 ገጽ ነው። በፍላሽ ይዤ ደሴ ፒያሳ ወጣሁና ላሳትም ስል ሲከፈት አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ሁሉም የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኗል። የሚያትመው ልጅ ‹ቫይረስ በልቶታል፣ ፍላሹ ፎርማት ይደረግ፣ አንቺም እንደገና ጻፊው› አለኝ። ሰኞ ማስገባት አለብኝ። እውነት ጠፍቷል?»

አብሽሪ እህቴ። አልጠፋም። ቫይረስም አይደለም። እንደገናም አትጽፊውም። ግን አንድ ነገር አደራ፦ ሰኞ እስኪያልፍ ፍላሹን ማንም ፎርማት እንዳያደርግብሽ። ፎርማት የሚባለው መድኃኒት ለዚህ ችግር ምንም አይሠራም፣ ያለሽንም ነው የሚያጠፋብሽ።

እኔ ደሴ ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ በተለይ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በሚያስገቡበት ሰሞን። ሰው አልቅሶ ሁሉ ይመጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ፣ አንዴ ከገባሽ ሁለተኛ ማንም አያስደነግጥሽም።

ኮምፒውተር ፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ፊደል ሥዕል የሚቀይረው ፎንት የምንለው ነው። ድሮ የእኛ ፊደል የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎች አንድ ዘዴ ዘየዱ፤ የእንግሊዝኛ ፊደላት በተቀመጡበት ቁጥር ላይ የእኛን ሥዕል ተኩበት። ለምሳሌ ትልቁ ኤ ቁጥሩ 65 ነው፣ ያ ፎንት ላፕቶፑ ላይ ካለ በ65 ቦታ አንድ የአማርኛ ፊደል ይታይሻል። ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ስትሄጂ ግን ያው 65 ተመልሶ ኤ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቦታውም ጠባብ ነበር፤ ያኔ የነበረው 256 ቁጥር ብቻ ነው፣ የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፣ እነ ሏ፣ እነ ቋ፣ ነጥቦቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። በዚህ የተነሳ አንዳንዱ ፎንት አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጥመው ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ አሠራር ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጠው። «ሀ» 4608 ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም ሄደ የት «ሀ» ነው። ችግሩ ብዙ ሰው እስካሁን የሚጽፈው በድሮው ፎንት መሆኑ ነው፣ የወንድምሽም ላፕቶፕ እንደዚያ ይመስለኛል።

ይህን ራስሽ አረጋግጪ። ወንድምሽ ላፕቶፕ ላይ ፋይሉን ክፈቺ። እዚያ አማርኛው ደህና ሆኖ ይታያል። አንድ መስመር ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው። ቴሌግራም ላይ አማርኛ ሆኖ ከመጣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው። ፈረንጅኛ ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ የድሮው ነው። ከዚህ የቀለለ ምርመራ አላውቅም። (ማተሚያ ቤት የታየሽ ፊደል ሳይሆን ባዶ ሳጥን በሳጥን ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ያ ማለት ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ እዚያ ያለው ኮምፒውተር የአማርኛ ፎንት ጎድሎታል ማለት ነው። ኒያላ ወይም ሌላ የዩኒኮድ ፎንት ሲጫንበት ወዲያው ይስተካከላል።)

ለሰኞው የሚያስፈልግሽ ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ማተሚያ ቤት ፎንቱ ኖረ አልኖረ ግድ የለሽም። ከዎርድ 2010 ወዲህ ያሉት ሁሉ ይሠሩታል። ፋይል የሚለውን ነክተሽ ሴቭ አዝ ትገቢያለሽ፣ ከስሙ ሥር ዓይነቱን የሚጠይቅሽ ሳጥን አለ፣ እሱን ስትከፍቺው ከሚዘረዘሩት ውስጥ ፒዲኤፍን መርጠሽ ሴቭ ትያለሽ። ዋናው ዎርድ ፋይል ባለበት ይቀመጣል፣ አይነካም። ይህን ግን የምትሠሪው እዚያው በተጻፈበት ላፕቶፕ ላይ ነው። ደሴ ላይ ከተበላሸው ፒዲኤፍ ብታወጪ የተበላሸ ፒዲኤፍ ነው የሚሆነው።

ከጨረስሽ በኋላ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ወደ ስልክሽ ላኪና ክፈቺው። ስልክሽ ላይ ያ ፎንት የለም። ስለዚህ ስልክሽ ላይ አማርኛው ቁልጭ ብሎ ከታየ ማተሚያ ቤትም እንደዚያው ይታያል። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ድረስ መጥተሽ ገንዘብና ጊዜ ከማባከንሽ በፊት ችግር ካለ ቤትሽ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። አስራ አራቱንም ገጽ እይው እንጂ የመጀመሪያውን ብቻ አይተሽ አትዝጊው። በተለይ የወጪና የገቢ ሠንጠረዡን።

አንዳንዱ ልጅ ሊረዳሽ ብሎ ሁሉንም መርጦ ፎንቱን ሊቀይርልሽ ይችላል። ፎንቱን ኒያላ ቢያደርገው ምንም አይመጣም፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ያው የእንግሊዝኛው ነው። የድሮውን ፎንት ፍላሽ ላይ ይዘሽ ሄደሽ እዚያ ብታስጭኚውና ሁሉንም መርጦ እሱን ቢሰጠው ደግሞ አማርኛሽ ይመለሳል፣ ግን በእንግሊዝኛ የጻፍሽው ሁሉ፣ የኢሜይል አድራሻሽ፣ የዶሮዎቹ ዝርያ ስም፣ የመኖው ስም፣ ትርጉም የሌለው የአማርኛ ፊደል ይሆናል። ይህ ከደረሰብሽ አትደንግጪ። እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ መርጠሽ ወደ ታይምስ ወይም ካሊብሪ መልሺው። ቀደም ብሎ ቀይሮ ሴቭ አድርጎብሽም ከሆነ ቁጥሩ አልተነካምና ትክክለኛውን ፎንት ስትመልሺለት ይነሳል።

አንድ ሌላ ጉድ ልንገርሽ፣ በድሮው ፎንት ስትጽፊ ዎርድ እንግሊዝኛ እየጻፍሽ ይመስለዋል። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል ወደ ትልቅ ፊደል ይቀይራል። ትልቁና ትንሹ ፊደል ቁጥራቸው የተለያየ ነው፣ በአማርኛው ፎንት ላይ ደግሞ ሌላ ፊደል ሆኖ ይወጣል። «እኔ እኮ በትክክል ጽፌዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ከዚያ አውቶ ኮሬክት ኦፕሽንስ ግቢና የመጀመሪያ ፊደልን ትልቅ የሚያደርገውን ምልክት አንሺው። አሁን ባለው ጽሑፍሽም ላይ የየአንቀጹን መጀመሪያ ፊደል አንድ በአንድ ተመልከቺ።

ብድሩ ከገባ በኋላ፣ ረጋ ስትይ፣ ከድሮው ፎንት ጨርሰሽ ውጪ። ይህን ከልቤ ነው የምለምንሽ። በድሮው ፎንት የተጻፈ ሰነድ ውስጥ በዩኒኮድ አማርኛ ቃል ብትፈልጊ አይገኝም፣ ስልክ ላይ አይነበብም፣ ከዓመታት በኋላ ፎንቱ ሲጠፋ የሚያነበው አይኖርም። ስንት ሰው የዕድርና የማኅበር ቃለ ጉባኤ እንዲህ ሆኖበት ቀርቷል። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የለመድሽ ከሆነ ፓወር ግዕዝን አትተይ፣ እሱ ሁለቱንም ዓይነት ይዟል፣ ፎንት ስትመርጪ ስሙ ላይ ዩኒኮድ የሚል ያለበትን ያዢ። ካልሆነም ዊንዶውስ 10 እና 11 ራሳቸው የአማርኛ ኪቦርድ አላቸው። ሴቲንግስ ውስጥ ጊዜና ቋንቋ የሚለው ጋ ገብተሽ አማርኛን ትጨምሪያለሽ። ከዚያ የዊንዶውሱን ቁልፍ ይዘሽ ስፔስ ስትጫኚ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል። ኪማን የሚባልም ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ሸጋ ነው። የጻፍሽውን 14 ገጽ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ሲቀይሩ ግን ነጥብ፣ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ይሳሳታሉ፣ ስለዚህ ከመቀየርሽ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጊ፣ ከቀየርሽ በኋላ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ብድር ላይ አንዲት ዜሮ ብትዛነፍ ነገሩ ሌላ ነው።

ፒዲኤፍ ከማውጣትሽ በፊት የገጹን መጠንም እይው። ብዙ ላፕቶፕ ሲገዛ ሌተር በሚባለው የአሜሪካ ወረቀት ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፣ እኛ ጋ የሚታተመው ኤ4 ነው። ሌተር በቁመት ከኤ4 ወደ ሁለት ሳንቲም ያጥራል። ሌይአውት ውስጥ ሳይዝ የሚለውን ከፍተሽ ኤ4 ምረጪ፣ ሠንጠረዥሽ ከገጽ ገጽ ተቆርጦ እንደሆነ አስተካክዪ፣ ከዚያ ነው ፒዲኤፍ። ማተሚያ ቤት ስትደርሺ መጀመሪያ ሠንጠረዡ ያለበትን አንድ ገጽ ብቻ አትምልኝ በዪው። እሱን አይተሽ ደህና ከሆነ ቀሪውን ያውጣ። ዎርዱንም ፒዲኤፉንም ፍላሹ ላይ ያዢ፣ ሁለቱንም ለራስሽ ቴሌግራም ላይ ላኪ። ፒዲኤፉ ስልክሽ ላይ እምቢ ካለ የዎርድ ፋይሉን ከፍተሽ አማርኛው ላይ ጠቅ አድርጊ፣ ከላይ ሆም ላይ የሚታየውን የፎንቱን ስም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ከእሱ ተነስቼ ምን እንደሚጫን እነግርሻለሁ።