ጥቅምት ላይ የሚቆመው ንባብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ጀምሮ ስለ መተው። አራቱን መርጠናል። ረጅሞቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጌታን ካገኘሁ ሰባት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ልጨርስ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼም አንድ ሰዓት ልጸልይ እወስናለሁ። አንድም ዓመት ጥቅምትን አልተሻገርኩም። የምሠራው ባንክ ነው፤ ማታ 2 ሰዓት ቤት እገባለሁ። ስንፍና ነው ወይስ ከጌታ ጋር ያለኝ ነገር ተበላሽቷል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የቆምክበትን ቦታ ሳትነግረን መገመት እንችላለን፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ነው። ስድሳ ስድስቱ መጻሕፍት በድምሩ 1,189 ምዕራፍ አላቸው። በዓመት ለመጨረስ በቀን ከሦስት ምዕራፍ ትንሽ በለጥ ማድረግ ይጠይቃል። ዘፍጥረት 50፣ ዘጸአት 40 ምዕራፍ ነው። በቀን ሦስት ሦስት ብታነብ መስከረም 25 ላይ የባሕሩ መከፈልና የሲና ተራራ ነጎድጓድ አልፎ የማደሪያው ድንኳን ሳንቃ፣ መጋረጃና ኩላብ ልክ ይጀምራል። ጥቅምት 1 ቀን ደግሞ የሚቃጠል መሥዋዕት ሕግ ላይ ነህ። ደክሞህ ከሥራ ገብተህ፣ የሚያስረዳህ ሰው በሌለበት፣ የፍየሉ ስብ እንዴት እንደሚቃጠል ሦስት ምዕራፍ ማንበብ ለማንም ከባድ ነው። ዘሌዋውያን ውድ መጽሐፍ ነው፤ ግን ዕብራውያን 9ንና 10ን አጠገቡ ዘርግቶ ቀስ ብሎ የሚነበብ እንጂ በሩጫ የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ ዘንድሮ አዲስ ኪዳንን ብቻ ያዝ። 260 ምዕራፍ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ምዕራፍ ካነበብክ በ52 ሳምንት ልክ ያልቃል። ቅዳሜ ያመለጠህን የምታሟላበት ይሁን፤ እሑድ ከጉባኤው ጋር የምትሰማው ቃል ይበቃሃል። ከሁለት ምዕራፍ በላይ ካመለጠህ የቀረውን ተወውና የዕለቱን አንብብ። ይህን ምክር የማይወዱ አሉ፤ እኛ ግን አጥብቀን እንመክረዋለን። ሰው ንባቡን የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ስለሰለቸው ሳይሆን የተጠራቀመው ምዕራፍ እንደ ዕዳ ስለሚታየው ነው፤ ዕዳ ያለበት ደግሞ አበዳሪው ቤት አይሄድም።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ማታ 2 ሰዓት ገብተህ፣ እራት በልተህ፣ ትንሽ ስልክ አይተህ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ብትተኛ፣ ሌሊት 11 ሰዓት መነሣት የአምስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ይሰጥሃል። ሁለት ሳምንት ትችለዋለህ፤ በሦስተኛው ሰውነትህ እምቢ ይላል። የጠዋት ጸሎት የሚጀመረው ማታ ነው። የመኝታ ሰዓትህን በየአራት ቀኑ 15 ደቂቃ ወደ ፊት እየሳብክ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አድርሰው። አንዱን ሰዓትም ለጊዜው ተወው። በ15 ደቂቃ ጀምር፤ 2 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ 8 ደቂቃ ምዕራፉን ድምፅህን አውጥተህ አንብብ፣ 5 ደቂቃ ከምዕራፉ የነካህን አንድ ነገር በአንድ መስመር ጽፈህ እሱኑ መልሰህ ጸልይ። ድምፅ ማውጣቱን አደራ፤ በዐይን ብቻ የሚነበብ ምዕራፍ እንቅልፍ ለያዘው ሰው ገጽ መግለጥ ብቻ ይሆናል። ለስድስት ሳምንት ሳይናጋ ከቆየ 5 ደቂቃ ጨምር።

አንድ ወንበር ይኑርህ። ማታ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጠህ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ደርበህ እዚያው ተወው፤ ጠዋት መፈለግ እንዳይኖር። የወረቀት መጽሐፍ ቅዱስ ይሁን። ስልክ ላይ ማንበብ ኃጢአት አይደለም፤ ግን ማርቆስ 4 ላይ ዘሪው ዘሩን ሊዘራ ሲወጣ የቴሌግራም መልእክት ከላይ ብቅ ይልና ዘሩ መንገድ ዳር ይቀራል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ለማንቂያ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል።

ስንፍና ነው ወይ ላልከው፣ አይመስለንም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «እግዚአብሔርንም ለመምሰል ራስህን አስለምድ» ሲለው (1ኛ ጢሞ. 4፥7) የተጠቀመበት የግሪክ ቃል የስፖርተኞች ነው፤ ዛሬ ጂም የምንለው ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ጂም የገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን መቶ ኪሎ ቢያነሣ በሁለተኛው ቀን አይመለስም፤ ተጎድቶ ይተኛል። አንተ ሰባት ዓመት መቶ ኪሎ ስታነሣ ኖረሃል። አንድ ቀን ሊያመልጥህ ይችላል፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ እንዳያመልጥህ ብቻ ተጠንቀቅ። በሳምንቱ መጨረሻም ስንት ምዕራፍ አነበብኩ ከማለት ይልቅ ካነበብኩት የቱን ታዘዝኩ በል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የላከው ያዘዛቸውን ሁሉ «እንዲጠብቁ» ሕዝቦችን እንዲያስተምሩ ነው።

ጥያቄ፦ ኩዌት የቤት ሠራተኛ ነኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ ሌሊት 6 ሰዓት እተኛለሁ። የራሴ ክፍል የለኝም፤ ከልጆቹ ጋር ነው የማድረው። አገር ቤት እያለሁ ጾመኛ፣ ጸሎተኛ ነበርኩ። አሁን ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ» ስል እንቅልፍ ይወስደኛል። ጌታ የተወኝ ይመስለኛል። (ከኩዌት)

መልስ፦ እኅታችን፣ እንቅልፍሽ በደል አይደለም። ኤልያስ ደክሞ በክትክታው ሥር ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር መጀመሪያ የሰጠው ስብከት አልነበረም። መልአኩ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ መልሶ ተኛ፤ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና እንደገና አበላው (1ኛ ነገ. 19)። እግዚአብሔር ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። በቀን አምስት ሰዓት የምትተኛ ሴት ከእንቅልፏ ላይ ቆርሳ እንድትጸልይ አንመክርም።

የአገር ቤቱን ሥርዓት እዚያ ልትደግሚው አትችዪም፤ ሌላ መሥራት ትችያለሽ። እጅሽ የሚሠራውን ሥራ ተመልከቺ። ልብስ ስትተኩሺ አእምሮሽ ነጻ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ስድስት ልመና አለው፦ ስምህ ይቀደስ፤ መንግሥትህ ትምጣ፤ ፈቃድህ ይሁን፤ የዕለት እንጀራችንን ስጠን፤ በደላችንን ይቅር በለን፤ ወደ ፈተና አታግባን፣ ከክፉ አድነን። ለአንድ ልብስ አንድ ልመና ስጪ። ካውያው ከኮሌታው ተነሥቶ እጅጌውን ጨርሶ ጀርባው ላይ እስኪደርስ «የዕለት እንጀራችንን» በሚለው ላይ ቆዪ፤ የእናትሽን ቤት፣ የወንድምሽን የትምህርት ክፍያ፣ ያልተከፈለሽን ደመወዝ እዚያ ውስጥ አስገቢ። ሸሚዙ ሲሰቀል ወደሚቀጥለው እለፊ። ስድስት ልብስ ሲያልቅ ጸሎቱ አልቋል። ድምፅ አያስፈልገውም፤ ሐና በእግዚአብሔር ቤት ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀስ።

ንባቡን በጆሮ አድርጊው። የአማርኛ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ ኢንተርኔት በምታገኚበት ቀን አውርደሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። አንዱን ጆሮ ልጆቹን ለመስማት ክፍት አድርገሽ በሌላው አንድ ምዕራፍ ስሚ፤ ያንኑ ምዕራፍ ሳምንቱን ሙሉ። ሲደጋገም ቃሉ ሳታስቢው ይያዝልሻል። ማዳም ስልክ የምትቆጣጠር ከሆነች ወይም ነገሩ አደጋ የሚያመጣብሽ ከሆነ ይቅር፤ በልብሽ ያለው መዝሙር 23 ይበቃል።

ጾሙን ለጊዜው ተዪው። በዚያ ሙቀትና በዚያ ሥራ ላይ ባዶ ሆድ ራስን ያስታል። አንድ ነገር ግን ብቻሽን አትሁኚ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን በስልክ አብራሽ የምትጸልይ አንዲት እኅት ፈልጊ።

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት እናት ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም አውጃለች። ባለፈው ስሞክር በመጀመሪያው ቀን ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ «ጠላት ነው» አሉኝ። የስኳር መድኃኒትም እወስዳለሁ። እምነቴ አንሶ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ የራስ ምታቱ ቡና ሳይሆን አይቀርም። በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በአንድ ቀን ውስጥ ራሱን ያመዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይበረታል፤ ከዚያ እየለቀቀ ይሄዳል። ጾም ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት በረካውን ይተዉ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ቶናውን፤ በመጨረሻ አቦሉን።

የስኳሩ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ወይም ኢንሱሊን እየወሰዱ ምግብ መተው ስኳሩን ከልክ በታች ይጥለዋል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ይመጣል። ያኔ ጸሎቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር ይወሰዳል። መድኃኒቱን በራስዎ አቁመው መጾምም አይቻልም። ሐኪምዎን ሳያማክሩ አንድም ቁርስ አይዝለሉ፤ አይሆንም ካለ አይሆንም።

ያኔም ከጾሙ አልተለዩም። ምግቡን በሰዓቱ እየበሉ ሥጋውን፣ ጣፋጩን፣ የማታውን ቴሌቪዥን ይተዉና የጸሎቱን ሰዓት ከጉባኤው ጋር ይያዙ። የተረፈውን ወጪ ለተቸገረ ጎረቤት ይስጡት፤ ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው። «እምነትሽ አንሶ ነው» የሚልዎት ሰው ካለ ይህን መልስ ያሳዩት።

ለጤነኞቹም አንድ ቃል፦ ጾም ለምዶ የማያውቅ ሰው በሦስት ቀን አይጀምር። መጀመሪያ ቁርስ ብቻ ትቶ እስከ 6 ሰዓት፣ በሌላ ሳምንት እስከ 9 ሰዓት፣ ውኃ እየጠጣ ይለማመድ። ሲፈታም በአጥሚት ወይም በሾርባ እንጂ በጥብስ አይሁን።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያኔ ሦስት አዲስ አማኝ እኅቶችን እንድከታተል ሰጥታኛለች። ስድስት ሳምንት አስተማርኳቸው፤ ያዳምጣሉ፣ «አሜን» ይላሉ፣ ምንም አይለወጥም። አንዷ መምጣት አቁማለች። (ከአዳማ)

መልስ፦ ችግሩ «አስተማርኳቸው» የሚለው ቃል ውስጥ ያለ ይመስለናል። ስብከትማ እሑድ ይሰማሉ። ከአንቺ የሚፈልጉት የሰሙትን ሲኖሩት አብሯቸው የሚሆን ሰው ነው።

ስብሰባውን 75 ደቂቃ አድርጊው። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ባለፈው ሳምንት ስለተወሰነው ነው፦ ተደረገ? ምን ከለከለ? ይህን ክፍል አትዝለዪ፤ የሚያሳፍር ስለሆነ ሁሉም መዝለል ይፈልጋል። ቀጥሎ በ10 ደቂቃ አንድ ምዕራፍ በየተራ ሁለት ጊዜ ይነበብ። 25 ደቂቃ ተወያዩ፦ ጌታ ኢየሱስ እዚህ ላይ ምን ዓይነት ነው? እኔን የሚነካኝ የቱ ጋ ነው? አንቺ ከሩብ በላይ አትናገሪ፤ ዝምታ ሲሆን ቶሎ አትሙዪው። በ10 ደቂቃ እያንዳንዷ አንድ ውሳኔ ትጻፍ፤ አንቺም ጭምር። በቀሪው 15 ደቂቃ አንዷ ለሌላዋ ትጸልይ።

ውሳኔው ላይ ጥብቅ ሁኚ። «የበለጠ እጸልያለሁ» ውሳኔ አይደለም፤ ተደረገ አልተደረገ ማለት አይቻልም። «ሐሙስ ማታ አባቴ ጋ ደውዬ ስለ ሰደብኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ» ውሳኔ ነው፤ ቀን አለው፣ ሰው አለው፣ ዓርብ ጠዋት ይታወቃል።

የማርቆስ ወንጌልን ያዙ፤ 16 ምዕራፍ፣ 16 ሳምንት። ማለቂያው ከመጀመሪያው ይነገራቸው፤ ማለቂያ የሌለው ነገር ሰው ያስፈራል። የሚታወስ ጥቅስም በሳምንት ከአንድ አይብለጥ። በወረቀት ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይያዙት፤ በተጻፈ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ቀን ሳያዩ ይበሉት። ሁላችሁም አንድ ትርጉም ተጠቀሙ። አንዷ የ1954ቱን፣ ሌላዋ አዲሱን መደበኛ ትርጉም ከያዘች አብራችሁ ስትሉት ምላስ ይጠላለፋል፤ ሁለቱም አይያዝም።

ሦስት ነገር ያፈርሳችኋል። የመጀመሪያው የምሥጢር መውጣት ነው፤ «ለጸሎት እንዲሆን» ተብሎ የሚወራ ሐሜት ሐሜት ነው። ሁለተኛው ብድር፤ በመካከላችሁ ገንዘብ ከገባ ያበደረችም የተበደረችም ትቀራለች፤ ችግር ሲኖር ለቤተ ክርስቲያኗ የበጎ አድራጎት ክፍል ይነገር። ሦስተኛው አቅምሽ የማይችለውን መሸከም ነው፤ ድብደባ ያለበት ትዳር ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሰማሽ፣ ባለጉዳይዋን ነግረሽ፣ በዚያው ቀን ወደ መጋቢና ወደ ባለሙያ አብረሻት ሂጂ።

የቀረችውን እኅት ዛሬውኑ ደውዪላት። ለምን ቀረሽ አትበያት፤ ቡና ልጠጣ እቤትሽ ልምጣ በያት። ለመቅረቷ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያልፈጸመችው ውሳኔ ነው፤ ባዶ እጇን መምጣት አፍራ ነው። አንቺም ያልፈጸምሽውን ንገሪያት።

ከ10ኛው ሳምንት በኋላ ስብሰባውን በየተራ እነሱ ይምሩት፤ አንቺ ተራ አባል ሁኚ። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞ. 2፥2 አራት ትውልድ ይቆጥራል፦ እሱ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑ ሰዎች፣ ሌሎች። በ12ኛው ሳምንት እያንዳንዷ ከማርቆስ በኋላ አብራት የምታነብ የአንዲት ሰው ስም በመጽሐፍ ቅዱሷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእርሳስ ትጻፍ። በእርሳስ የምንለው ስሙ ሊለወጥ ስለሚችል ነው፤ በቀሩት አራት ሳምንታት በዚያ ስም ጸልዩ።