ሲሞቅ አልነሳም የሚለው ኤች ዋን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከጅማ አጋሮ ሰው የምጭንበት ሃዩንዳይ ኤች ዋን አለኝ፤ 2.5 ናፍጣ ነው። ጠዋት ቁልፍ ሲነካ ይነሳል። አጋሮ ደርሼ አጥፍቼው ልመለስ ስል ግን ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበት የለውም፤ የሞተር መብራትም ያበራል። ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ መኪና ይይዛል። ጋራዥ ብወስደው ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን «ኖዝሎቹ አልቀዋል፣ አራቱንም ቀይር» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። እውነት አልቀው ነው?
(ከኮቺ)

መልስ፦ ደህና ነኝ ወንድሜ፣ ተመስገን። «አራቱም አልቀዋል» ላለህ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርብለት፦ በምን ለካኸው? «ድምፁን ሰምቼ» ካለህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ከጻፍከው ሁሉ ፍንጩ «ሲሞቅ» የሚለው ነው። ጠዋት አስቸግሮህ ቀን ቢሻለው ኖሮ የማሞቂያ ካንዴላውን ወይም አየር የሚስብ ቱቦ እጠረጥር ነበር። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ውስጡ የተበላ ኖዝል ካለ፣ የቀጠነው ናፍጣ በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንከሩ ይሸሻል። ሬሉ ውስጥ፣ ማለትም ፓምፑ ለአራቱም ኖዝል ናፍጣ በሚያጠራቅምበት የጋራ ቱቦ ውስጥ፣ ግፊት ካልተጠራቀመ ደግሞ ኮምፒውተሩ ለኖዝሎቹ ትእዛዝ አይሰጥም። ለማስነሳት ብቻ ከ100 ባር በላይ ይፈልጋል። ጎማህን የምትነፋው በ3 ባር አካባቢ ነው፣ አስበው። የደከመ ፓምፕም ይህንኑ ጠባይ ያሳያል፤ ስለዚህ መለየት አለብን።

ከርካሹ ጀምር። የናፍጣ ፊልትሮውን ከሥሩ ፈታ አድርገህ በጠራ የሃይላንድ ላስቲክ ቅዳና አስቀምጠው። ውሃ ካለ ሥር ይተኛል። የማደያው ሰልፍ ሲረዝም ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛውን ናፍጣ መቼም ታውቀዋለህ፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ማለስለሱ ይቀንስና ፓምፑንም ኖዝሉንም ይበላል። ዳገት ላይ ጉልበት ማጣቱ የፊልትሮ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ቀይረውና ሞክር።

ካልተሻለው ስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ፣ ያለው ሰው ፈልግ። ፒ0087 የሚል ኮድ ከወጣ የሬሉ ግፊት አንሷል ማለት ነው፤ ማን እንዳሳነሰው ግን አይነግርህም። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ቆሞ ኖዝል ያስገዛል። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ፍርዱ ያለው መመለሻው ላይ ነው። ከአራቱም ኖዝል አናት የመመለሻውን ቱቦ ንቀልና በየአንዳንዱ ላይ ቀጭን የጠራ ቱቦ ሰካ፤ ጫፉን አራት እኩል ጠርሙስ ውስጥ ክተት። ወደ ታንከሩ የሚሄደውን አፍ ድፈነው። ሞተሩን ገና ሳይሞቅ አስነሳው፤ በደንብ ሲሞቅ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳትረግጥ፣ እየሠራ ጠርሙሶቹን አስተያይ። ሦስቱ ጣት ሳይሞሉ አንዱ ግማሽ ከደረሰ ጥፋተኛው እሱ ነው። ምናልባት አንድ ኖዝል ብቻ ትገዛ ይሆናል! አራቱም እኩል ትንሽ ትንሽ ከመለሱና ግፊቱ ግን ዝቅ ካለ ኖዝሎቹን ተዋቸው፤ ፓምፑና የግፊት መቆጣጠሪያው ይፈተሹ።

አንድ ነገር አደራ። በድሮው ላንድክሩዘር መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቱቦ ዳዶ ላላ እያደረገ የማይሠራውን ሲሊንደር ይለያል። ያንተ መኪና ላይ ይህን የሚሞክር ካየህ እጁን ያዘው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከገባ ሆስፒታል ነው፣ ያውም ቶሎ።

የተጠረጠረውን ኖዝል ነቅሎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ልኮ ቤንች በሚባለው የኖዝል መፈተሻ ማሽን ላይ ማስፈተሽ ጅማ ላይ ለምደነዋል፤ አንተም እንደዚያ አድርግ። ሲመለስ ከሥሩ የምትገባው የመዳብ ሮንዴላ አዲስ ትሁን። አሮጌዋን ከመለሱብህ በዚህ ሞተር ላይ የተቃጠለ ጋዝ ያመልጥና ጥላሸቱ የዘይቱን ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ወጪው ከአራት ኖዝልም ይበልጣል።