ለብራና መዝገቦቻችን የኤግዚስት-ዲቢ መገናኛ የትኛው ይሻላል?

ጠያቂያችን እንደገለጹት፣ በመንዝ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በቲኢአይ ኤክስኤምኤል (ጽሑፎችን በኮምፒውተር ለመመዝገብ በሚያገለግል ሥርዓት) ተመዝግቦ ደብረ ብርሃን ባለ ሰርቨር ላይ በኤግዚስት-ዲቢ (የኤክስኤምኤል ፋይሎችን በሚያከማች ዳታቤዝ) ተቀምጧል፤ መሐል ሜዳ ያሉት መዝጋቢዎች በጃቫው ኤክስኤምኤል ዲቢ ኤፒአይ (በጃቫ ቋንቋ የሚጻፉ ፕሮግራሞች ከዳታቤዙ ጋር በሚነጋገሩበት መንገድ)፣ በሬስት (እንደ ድረ ገጽ በድር አድራሻ በሚጠየቅበት) ወይስ በዌብዳቭ (የሰርቨሩን ፋይሎች እንደ ራስ ኮምፒውተር ፋይል በሚከፍተው) ይገናኙ የሚለው ነው ያልተወሰነው። ቲኢአይን መምረጥዎ መልካም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው የኢትዮጵያ ብራናዎች መዝገብም በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነው። መገናኛዎቹን በተመሳሳይ ሥራ ላይ ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁና፣ ሬስትን እንዲመርጡ እመክራለሁ።

እኛ የጀመርነው በጃቫው ኤፒአይ ነበር። ቢሮ ውስጥ ያለ እንከን ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ከመስክ ሲከፈት ዝርዝሩን ለማሳየት ደቂቃዎች ይፈጅ ጀመር፤ እኛም ጥፋቱን ለብዙ ቀናት ከመጠይቁ (ለዳታቤዙ ከሚላከው የፍለጋ ትእዛዝ) ላይ ስንፈልግ ቆየን። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ይህ ኤፒአይ ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚነጋገረው ከሥሩ በኤክስኤምኤል-አርፒሲ (የሩቅ ሰርቨርን ተግባር በመልእክት በሚያስጠራ ዘዴ) ስለሆነ፣ የመጠይቁ ውጤት ሰርቨሩ ዘንድ ይቆይና ደንበኛው (በመዝጋቢው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም) እያንዳንዱን መዝገብ ለየብቻ እየጠየቀ ያመጣዋል፤ ሁለት መቶ መዝገብ ሁለት መቶ ምልልስ ይሆናል ማለት ነው። በሚቆራረጥ መስመር ላይ ይህ ከባድ ነው። በሬስት ግን ዝርዝሩ በአንድ ጥያቄ ተጠቃሎ ይመጣል፤ መስመሩ ቢቋረጥም ያንኑ ጥያቄ መድገም ይበቃል።

ይሁን እንጂ የኤግዚስት-ዲቢ ሬስት በጌት (መጠይቁ በድር አድራሻው ውስጥ ተጽፎ በሚላክበት መንገድ) ሲጠየቅ፣ ብዛቱ ካልተነገረው በቀር 10 ውጤት ብቻ ይመልሳል፤ ይህን ሳናውቅ መዝገብ ጠፋብን ብለን እጅግ ተጨንቀን ነበር። ሌላው የፊደላችን ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ሥርዓት) 3 ባይት ስለሚይዝ በድር አድራሻ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል፤ «ተአምረ ማርያም» የሚለው ብቻ ከነክፍተቱ 75 ምልክት ይወስዳል። ስለዚህ ረዘም ያለ መጠይቅ በፖስት (ከአድራሻው ውጭ በጥያቄው አካል ውስጥ በሚላክበት መንገድ) ይላክ።

ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ ግን መጠይቆቹን በየደንበኛው ፕሮግራም ውስጥ እንዳይበትኗቸው ነው። አንዱ መዝጋቢ «ሥላሴ»፣ ሌላው «ስላሴ» ብሎ ይጽፋል፤ ፈላጊውም እንዲሁ። ሠ እና ሰን፣ ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን አቻ አድርጎ የሚፈልገው የኤክስኪዌሪ (የኤክስኤምኤል መጠይቅ ቋንቋ) ተግባር በሰርቨሩ ላይ አንድ ቦታ ተጽፎ በሬስት-ኤክስ-ኪው (እንዲህ ያለውን ተግባር በድር አድራሻ በሚያስጠራው ዘዴ) ቢቀርብ፣ በብሮውዘርም በስልክም የሚፈልግ ሰው አንድ ዓይነት ውጤት ያገኛል፤ የመዝገቡ የመጀመሪያ አጻጻፍም ሳይነካ ይኖራል።

ዌብዳቭ ፋይልን በኦክስጅን ኤዲተር (በኤክስኤምኤል ማረሚያ ፕሮግራም) በቀጥታ ከፍቶ ለማረም እጅግ ምቹ ነው። ነገር ግን እርማቱ ሳያልቅ መብራት ሲጠፋ ፋይሉ እንደተቆለፈ ቀርቶብን ስለሚያውቅ፣ ደብረ ብርሃን ቢሮ ውስጥ ላሉት ብቻ እንዲፈቅዱት እመክራለሁ። የጃቫውንም ኤፒአይ ፈጽሞ አይጣሉት፤ ከሰርቨሩ ጎን ሆኖ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ለማስገባት እስከ ዛሬ የምንሠራው በእርሱ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት አንዱን ዝርዝር በጃቫው ኤፒአይም በሬስትም ከመሐል ሜዳ ያስከፍቱና ጊዜውን ይለኩ፤ ቢሮ ውስጥ የሚለካው ፍጥነት ለዚህ ምርጫ አያገለግልም።