የቮልስ ታይሚንግ፦ ጠይቁኝ

አሮጌ ቮልስ ላላችሁ፣ ስለ ታይሚንግ (ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ስለማስተካከል) ከመጡልኝ ጥያቄዎች ጥቂቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታይሚንግ ላይት (የታይሚንግ መለኪያ መብራት) የለኝም። እንዴት ልሰር?

መልስ፦ 12 ቮልት አምፖልና ሁለት ሽቦ ይበቃሃል። መጀመሪያ ግን ፑንቲናውን (እሳት አከፋፋዩ ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያ) 0.4 ሚሊሜትር ክፈት። ክፍተቱ ሲሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። ስለዚህ በኋላ ከነካካኸው ልፋትህ ገደል ገባ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ፑሊውን (ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን መዘውር) ወደ ቀኝ አዙርና ላዩ ያለውን ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር አገናኝ። ሮተሩ (ዲስትሪቢውተሩ መሃል የሚሽከረከረው) ደግሞ በዲስትሪቢውተሩ ከንፈር ላይ ወዳለችው ጭረት ይዙር። ከቦቢናው (እሳቱን ከሚያመነጨው) ወደ ዲስትሪቢውተሩ በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ የአምፖሉን አንዱን ጫፍ፣ ሌላውን ቦዲ ላይ አገናኝ። ቁልፉን ክፈት፣ አታስነሳው። ማሰሪያውን አላላና ዲስትሪቢውተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ አዙረው። ከዚያ ቀስ እያልክ ወደ ግራ። አምፖሏ ቦግ ስትል ቁም፣ እሰር። ቁልፉን ቶሎ ዝጋ፣ ቦቢናው ይግላል።

ጥያቄ፦ ስንት ዲግሪ ላይ?

መልስ፦ ብዙዎቹ የድሮ 1200ና 1300ዎች ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድመው ይታሰራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ 5 ዲግሪ ዘግይተው የሚታሰሩ አሉ። የጎረቤትህን ቁጥር አትቅዳ።

ጥያቄ፦ መካኒኬ በጆሮው ነው ያሰረልኝ። አዲስ አበባ ሸጋ ነበር፣ አዋሽ ስደርስ ቀጭ ቀጭ ይላል።

መልስ፦ ጆሮው አልተሳሳተም፣ የሰማው የአዲስ አበባን አየር ነው። እዚህ ወደ 2400 ሜትር ላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው ያንሳል፣ ሞተሩም የቀደመ እሳት ይችላል። አዋሽ 1000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም አለ። ያው እሳት እዚያ ይበዛበታል። እኔም አንድ ጊዜ ሬዲዮ ከፍቼ ድምፁን ሳልሰማ ፒስተን አስበስቻለሁ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፣ መጋሉን ቀድሞ የሚነግርህ ጌጅም የለውም። ቆላ ከመውረድህ በፊት ሁለት ዲግሪ ያህል አዘግየው።

ጥያቄ፦ የአባቴ ቮልስ ሚኒሞው (ቆሞ ሲሠራ) ጥሩ ነው፣ ነዳጅ ስሰጠው ግን ያመነታል።

መልስ፦ ካርቡራተሩን ከመፍታትሽ በፊት የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ክፈቺ። ሮተሩን በጣትሽ ወደ ቀኝ ገፋ አድርገሽ ልቀቂው። ስፕሪንጉ ካልመለሰው ውስጡ ያሉት እሳቱን የሚያስቀድሙት ክብደቶች ደርቀዋል ማለት ነው። ያንቺው በቫኪዩም (በሞተሩ የአየር ስበት) ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቱቦውን በአፍሽ ሳቢው፤ ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ንቅንቅ ካላለ የቫኪዩሙ ጎማ ተቀዷል። ለደረቀው ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት በመርፌ። ፑንቲናው ጋ እንዳይደርስ ብቻ።