ዘረመሉ «ጠፋበት» ወይስ «ጠፋለት»?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ዘረመል በማጣቱ የከፋ በሽታ አምጪ ሆነ» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ «ያጣ እንዴት ይበረታል?» ብለው ሞገቱኝ። «አጣ» ማለቴ ስሕተት ነው? «ጠፋበት» ወይም «ጣለ» ብል ይሻላል?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ የሞገቱት ሥነ ሕይወቱን ሳይሆን ግሱን ነው፤ ደግሞም እውነት አላቸው። «አጣ» ችግርን ይዞ የሚመጣ ቃል ነው። «እንጀራ አጣ»፣ «መድኃኒት አጣ»፣ «ያጣ የነጣ» ስንል፣ ሰውየው ነገሩን ይፈልገው ነበር ማለታችን ነው። እንግዲህ «ዘረመሉን አጣ» ያለ ሰው፣ ሳያስበው «ያስፈልገው ነበር» ብሎ ፈርዷል። የሺጌላ ነገር ግን ተቃራኒው ነው።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የዘር ሐረጉ ኢ. ኮላይ ከተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ነው። ኢ. ኮላይ ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ካዳቨሪን ወደሚባል ውሕድ የሚቀይርበት ዘረመል አለው። ካዳቨሪን ደግሞ የሺጌላን መርዝ ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች ይህን ዘረመል መልሰው ሺጌላ ውስጥ ሲያስገቡት የመርዙ ጉልበት ወደቀ። ሺጌላ የምንላቸው ባክቴሪያዎች ከኢ. ኮላይ የተለዩት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው በየፊናቸው ነው። እንዲያም ሆኖ ይህ ዘረመል በአንዳቸውም ዘንድ አይሠራም።

ለዚህ አማርኛ የረቀቀ መሣሪያ አለው። «ቁልፉ ጠፋበት» እንላለን፤ «ራስ ምታቱ ጠፋለት» እንላለን። ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ያቺ ትንሽ «በ» ወይም «ለ» የተጎዳውንና የተጠቀመውን ትለያለች። ሺጌላን በተመለከተ እንግዲህ መርዙን የሚያዳክመው ውሕድ «ጠፋለት» ነው የሚባለው። ለእኛ ለታማሚዎቹ ጉዳት ቢሆንም፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ባክቴሪያው ነው።

«ጣለ» የሚለውን ግን እንዲተዉት እመክራለሁ። «ቦርሳዬን ጣልኩ» ስንል ሳናውቅ መሆኑ ግልጽ ነው፤ «ባክቴሪያው ዘረመሉን ጣለ» ሲባል ግን ተማሪው የሚታየው አስቦበት ሸክሙን ያራገፈ ፍጡር ነው። ባክቴሪያ አያስብም። ዘረመል ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ዲኤንኤው ሲገለበጥ ነው፤ ለዚህም የቁም ጸሐፊዎቻችን ቃል አለን፦ ግድፈት። «እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቶቿን ጠራች» የሚለውን የሚገለብጥ ጸሐፊ «አፍልታ» የሚለውን ቢዘል፣ «እናቴ ቡና ጎረቤቶቿን ጠራች» ይሆናል። ይህ ግድፈት ነው፤ ቃሉ ከብራናው ላይ የለም። ሌላው ጸሐፊ ደግሞ ምንም ሳይዘል አራት ነጥብን ያለ ቦታዋ ቢያስገባ፣ «እናቴ ቡና አፍል። ታ ጎረቤቶቿን ጠራች» ይሆናል። ፊደሎቹ ሁሉ አሉ፤ አንባቢው ግን ነጥቧ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ዘረመል «የመከነ» ብለው ይጥሩት፤ አለ፣ ፍሬ ግን አይሰጥም። ግድፈቱ ባለቤቱን ከጎዳው አብሮት ይሞታል፤ ከጠቀመው ይበዛል፤ ካልጎዳውም ካልጠቀመውም ዝም ብሎ ሊከማች ይችላል።

የዚህ ክምችት ትልቁ ምሳሌ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነው። (በሽታውን ታማሚን በሚያዋርደው በድሮው ስሙ መጥራት ፈጽሞ ይቅርብን።) እ.ኤ.አ. በ2001 ሙሉ የዘረመል ንባቡ ሲታተም፣ የሚሠሩት ዘረመሎች 1,600 ያህል ሲሆኑ፣ ከ1,100 በላይ የሚሆኑት መክነው ተገኙ። ዘመዱ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ 4,000 ያህል የሚሠሩ አሉት። በሰው ሕዋስ ውስጥ ተደላድሎ ለሚኖር ብዙው ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ዘወትር ከጎረቤት እሳት የሚጭር ሰው የራሱ ክብሪት ቢረጥብ አይታወቀውም። ዛሬም ይህ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ አያድግም፤ ተመራማሪዎች የሚያራቡት በአይጥ መዳፍ ውስጥ ወይም አርማዲሎ በሚባለው እንስሳ አካል ውስጥ ነው። አንዱ ሁለት እስኪሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እዚህ ላይ «ጠፋለት» ብል እዋሻለሁ። ዘረመሎቹ መከኑ፤ ራሱን ችሎ የመኖር ችሎታ ግን በእርግጥ «ጠፋበት»።

የምዕራፉን ርእስም «የዘረመል እጦት» አይበሉት። እጦት የውሃ ነው፣ የመብራት ነው፤ መሻትን ያዘለ ነው። «የዘረመል መጥፋት» ይበሉት፤ «በ» ወይም «ለ» ሳይጨምሩ፣ ለማንም ሳይፈርዱ። ፍርዱ በየምሳሌው ሥር ይምጣ። የማስታወሻዎን ዓረፍተ ነገር እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ካዳቨሪን የሚሠራው ዘረመል ከሺጌላ ጠፋ፤ መርዙን የሚያዳክመው ውሕድም አብሮ ጠፋለት።»